ጠንካራ ነገር ለመብሳት የቱ ፑንታ? ስለ ካርባይድ ፑንታ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከጋራዥ፣ ከብረታ ብረት ቤትና ከግንባታ ቦታ የሚመጡት ጥያቄዎች ላይ ላዩን ሲታዩ ይለያያሉ። መነሻቸው ግን አንድ ነው፤ "ይሄ ነገር አልበሳ አለኝ፣ ካርባይድ ልግዛ ወይ?" መልሱን ብዙ ጊዜ የሚወስነው የሚበሳው ነገር ጥንካሬ ብቻ አይደለም። ፑንታው የሚታሰርበት ማሽንም ነው። ዋጋው የማይቀመስ ፑንታ ገዝቶ በመጀመሪያው ቀዳዳ ለሁለት የሰበረ ሰው ይሄን ከማንም በላይ ያውቃል።

ካርባይድ ምንድን ነው? ከተራው ፑንታ በምን ይለያል?

ተንግስተን ከካርቦን ጋር ሲዋሃድ በጣም ጠንካራ ዱቄት ይሆናል። ይሄ ዱቄት ከኮባልት ጋር ይደባለቅና በሻጋታ ተጨምቆ በከፍተኛ ሙቀት ይጋገራል። ኮባልቱ ማጣበቂያ ነው፤ ለመቁረጫ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ከ6 እስከ 12 በመቶ ይገባል። ሲበዛ ፑንታው ምት ይችላል። ሲያንስ ይጠነክራል፣ ግን ቶሎ ይሸረፋል። የፈጠሩት ጀርመኖች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ክሩፕ የተባለው ኩባንያ "ዊዲያ" በሚል ስም ለገበያ አቀረበው።

ተራው ፑንታ የሚሠራው ከሃይ ስፒድ ስቲል ነው። እሱ ሙቀቱ ወደ 600 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲጠጋ መለስለስ ይጀምራል፤ ጫፉ ሰማያዊ ሆኖ ስለቱ ሙት ይሆናል። ካርባይድ ከዚያ በላይ ቢግልም ስለቱን ይይዛል። ድክመቱ ሌላ ቦታ ነው፤ መታጠፍ የሚባል ነገር አያውቅም። ሃይ ስፒድ ትንሽ ሲጣመም ይታገሳል፣ ካርባይድ ግን ቀጭ ይላል።

ሻጩ "ኮባልት ነው" ብሎ ሸጠልኝ። ካርባይድ ማለት ነው?

አይደለም። "ኮባልት ፑንታ" የሚባለው ኮባልት የተጨመረበት ሃይ ስፒድ ስቲል ነው። ኤም 35 የሚል ከተጻፈበት 5 በመቶ ገደማ፣ ኤም 42 ከሆነ 8 በመቶ ገደማ ኮባልት አለው። ብረት ስለሆነ መታጠፍንም ይችላል። ሻጩ አላታለላችሁም፤ እንዲያውም በእጅ ድሪል ለሚሠራ ሰው ኮባልቱ ከካርባይዱ የተሻለ የሚሆንበት ጊዜ ይበዛል።

የምበሳው ብረት ምን ያህል ጠንካራ እንደሆነ በምን ልወቅ?

በሞረድ ሞክሩት። ደህና ሞረድ ይዛችሁ የብረቱን ጠርዝ አንድ ጊዜ ጫን ብላችሁ ሳቡ። በቀላሉ ከነከሰ ተራ ሃይ ስፒድ ይበሳዋል። እየታገለ ትንሽ ትንሽ የሚልግ ከሆነ ወደ ኮባልት ሂዱ። ሞረዱ እንደ መስታወት ከተንሸራተተና ቀጭን የሲር ድምፅ ከሰጠ የካርባይድ ሥራ ነው። አንድ ጥንቃቄ አለ፤ አንዳንድ ብረት የጠነከረው ላይ ላዩን ብቻ ነው። ጊር ላይ ይሄ የተለመደ ነው። ላዩን ግራይንደር አስነክታችሁ እንደገና ሞክሩት፣ ውስጡ ለስላሳ ሊሆን ይችላል።

ቡሎን ከሆነ ራሱ ይናገራል። ጭንቅላቱ ላይ 8.8 የሚል ካለ ጥንካሬው በሮክዌል ሲ መለኪያ ከ22 እስከ 34 ባለው ውስጥ ነው፤ ጥሩ ሃይ ስፒድ ይበቃዋል። 10.9 ከ32 እስከ 39 ነው፣ ኮባልት ይፈልጋል። 12.9 ከ39 እስከ 44 ይደርሳል፤ እዚህ ላይ ኮባልትም ይቃትታል። የመኪና ባሌስትራ ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 48 ገደማ ነው። የኩሽኔታ ቀለበት ከ58 በላይ ስለሆነ በሃይ ስፒድ መሞከር ፑንታ ማቃጠል ነው።

በደፈናው ከ45 በታች ኮባልት፣ ከ45 በላይ ካርባይድ ብላችሁ ያዙት። ድንበሩ ግን የብረት አጥር አይደለም። አንድ ቀዳዳ ብቻ ከሆነ በ45ም ላይ ኮባልት በትዕግሥት ያወጣዋል። መቶ ቀዳዳ ከሆነ በ35ም ካርባይድ ያዋጣል።

በእጅ ድሪል ሙሉ ካርባይድ ፑንታ መጠቀም ይቻላል?

አጭሩ መልስ፦ አትሞክሩት።

ሙሉ ካርባይድ ማለት ከጫፍ እስከ ጭራ ካርባይድ የሆነ ማለት ነው። ይሄ ፑንታ የተሠራው ለፍሬዛ (ብረት እየቆረጠ ቅርጽ ለሚያወጣ ማሽን)፣ ለሲኤንሲ (በኮምፒውተር ለሚመራ) ማሽንና ለመሳሰሉት ነው። አምራቾቹ ፑንታው ሲሽከረከር ከመሃል የሚያፈነግጠው ከ0.02 ሚሊ ሜትር እንዳይበልጥ ይመክራሉ። የቤት ድሪል አፍ ላይ የታሰረ ፑንታ ከዚህ በብዙ እጥፍ ሲወዛወዝ በዓይን ይታያል። በዚያ ላይ ክንድ አለ፣ ትንፋሽ አለ፣ መሰላል ላይ መቆም አለ።

አብዛኛው ፑንታ የሚሰበረው ደግሞ መጨረሻ ላይ፣ ቀዳዳው ሊከፈት ሲል ነው። ብረቱ ከስር ሲሳሳ ፑንታው ዘው ይልና ቀሪው ቀጭን ብረት ስለቱን ይቆነጥጠዋል። ሃይ ስፒድ ከሆነ እጃችሁን ይጠመዝዛል። ካርባይድ ከሆነ ቀዳዳው ውስጥ ተሰብሮ ይቀራል፤ እሱን የሚያወጣው ሌላ ፑንታ የለም፣ አልማዝ ወይም በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚበላ ማሽን ካልተገኘ በቀር። ስባሪው ወደ ዓይን ይፈናጠራልና መነጽር የግድ ነው።

ቋሚ ድሪልስ? ጭራሽ አይሆንም ማለት አይቻልም። ዘንጉ የማይላላ፣ ጠረጴዛው የማይርገበገብ ከሆነና ሥራው በሞርሳ ወይም በማሰሪያ ጥርቅም ተደርጎ ከታሰረ ይሆናል። ዘንጉን በእጃችሁ ይዛችሁ ወደ ጎን ግፉት፤ ከተነቃነቀ ካርባይዱን ወደ ሳጥኑ መልሱት።

በእጅ ድሪል የግድ ከሆነ ጫፉ ብቻ ካርባይድ የሆነ፣ አካሉ ብረት የሆነ ፑንታ ፈልጉ። አካሉ ትንሽ ይታገሣል። እሱም ቢሆን ቀጥ ብሎ መያዝን ይጠይቃል።

ባሌስትራ ልበሳ ፈልጌ ሁለት ፑንታ ጨረስኩ። ምን ላድርግ?

ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ፍጥነት ነው። የድሪሉን ቁልፍ እስከ መጨረሻ ጭኖ ፑንታውን ሳስ አድርጎ ማስቀመጥ። ፑንታው ከመቁረጥ ይልቅ ይፈትጋል፣ ቦታው ይግላል፣ ጫፉ ይነዳል። ከዚያ ወዲያ ባሌስትራው ከስለቱ ይልቅ ጠንካራ ሆኖ ይቆያል።

ደህና የኮባልት ፑንታ ውሰዱ፣ ጫፉ በ135 ዲግሪ የተሳለና መሃሉ ላይ የተከፈለ ቢሆን ጥሩ ነው። ባሌስትራውን ቋሚ ድሪል ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ። ለ10 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ከ300 ዙር በደቂቃ ብዙም አትለፉ። ዘይት አድርጉና ቆራጥ ሆናችሁ ጫኑት። ጆሮና ዓይናችሁን ስጡት፤ በደህና ሲቆርጥ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ አለው፣ ብረቱም በሁለቱም በኩል አጫጭር ጥቅልል ሆኖ ይወጣል። ፉጨት ከሰማችሁ ወይም የሚወጣው ዱቄት ብቻ ከሆነ ወዲያው አቁሙ። ስለቱ ሄዷል ወይም አልጫናችሁም። "ትንሽ ልሞክር" ማለት ቦታውን የበለጠ ማቃጠል ነው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ እምቢ ካለ ካርባይድ ጫፍ ያስፈልጋል። ባሌስትራውን በእሳት አቅልቶ፣ በአመድ ቀብሮ አቀዝቅዞ መብሳት የሚባል የቆየ ዘዴ አለ። ይሠራል፣ በቀላሉ ይበሳል። ግን የሞቀበት ቦታ ጥንካሬውን አጥቷል። ለአጥር በር ማጠፊያ ከሆነ ምንም አይደለም። ተመልሶ መኪና ስር የሚገባ ከሆነ ግን ጭነት ላይ ከዚያው ቦታ ይሰበራልና አይደረግም።

የግድግዳ ፑንታ ጫፉ ካርባይድ ነው። በእሱ ብረት ብበሳስ?

ብዙ ሰው ያደርገዋል። እንደተገዛ ግን ብዙም አይቆርጥም፤ ጫፉ የተሠራው ድንጋይ እየቀጠቀጠ እንዲያደቅ ስለሆነ ደነዝ ነው። ስለቱ በአልማዝ ዲስክ ሹል ተደርጎ ከተሳለ፣ የመዶሻው ምት ጠፍቶ፣ በዝግታ ከተያዘ፣ ስስ የጠነከረ ብረት ያሳልፋል። የመጋዝ ምላጭ፣ ቢላዋ፣ የሞረድ ጭራ በዚህ መንገድ ይበሳሉ። ቀዳዳው ክብና ልኩን የጠበቀ እንዲሆን አትጠብቁ። ጫፉ በብየዳ የተጣበቀ ነው፤ ጫፉና አካሉ ቀይ እስኪሆኑ ድረስ ከጋለ ብየዳው ይቀልጥና ይረግፋል። ቀልቶ ሳለ ውሃ ውስጥ መንከር ደግሞ ካርባይዱን ይሰነጥቀዋል።

ለአርማታ የቱን ልምረጥ?

ለብሎኬትና ለሸክላ ተራ የግድግዳ ፑንታ ከምት ድሪል ጋር ይበቃል። አርማታ ላይ ግን ኤስዲኤስ (ጭራው ቦይ ያለው ፑንታ የሚገባበት አፍ) ያለው ማሽን ካልሆነ ጉልበት መጨረስ ነው። ኤስዲኤስ ፕላስ ጭራው 10 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለቤትና ለአብዛኛው የግንባታ ሥራ ይሆናል። ኤስዲኤስ ማክስ 18 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለትልቅ ቀዳዳና ለከባድ ማሽን። አንዱ በሌላው ማሽን አይገባም፣ ከመግዛታችሁ በፊት የማሽናችሁን አፍ እዩ።

ጫፉን ተመልከቱ። ሁለት ስለት ያለው ርካሽ ነው፣ ንጹሕ ኮንክሪት ላይ ፈጣን ነው። ግን ፌሮ ሲያገኝ ይያዛል ወይም ጫፉ ይሸረፋል። አራት ስለት ያለውና ጭንቅላቱ ሙሉ ካርባይድ የሆነው ይወደዳል፤ ፌሮ ጠርዝ ቢነካም ይተርፋል፣ ቀዳዳውም ክብ ይወጣል። ፌሮ ፊት ለፊት ከገጠማችሁ የሚሻለው ቀዳዳውን ጥቂት ሴንቲ ሜትር ማሸሽ ነው። ዓምድና ቢም ላይ ፌሮ መቁረጥ የመሐንዲስ ፈቃድ የሚጠይቅ ነገር ነው።

መልህቅ ቡሎን ወይም ፊሸር የምትተክሉ ከሆነ የፑንታው ስፋት ትልቅ ነገር ነው። የአዲስ ፑንታ ጫፍ ከተጻፈበት ቁጥር ትንሽ ይሰፋል፣ ሆን ተብሎ ነው። ሲያልቅ ይጠብና ፊሸሩ አልገባ ይላል። በጣም ከሰፋ ደግሞ ቡሎኑ ይላላል። ፒጂኤም የሚባል የጀርመን ምልክት የተለጠፈበት ፑንታ ስፋቱ ለዚህ ዓይነት ሥራ ተፈትሿል ማለት ነው።

ሴራሚክ፣ ፖርሲሊን፣ ግራናይት?

የግድግዳ ሴራሚክ ለስላሳ ነው፤ እንደ ጦር የሾለ የካርባይድ ፑንታ ያለ ምንም ምት በዝግታ ይበሳዋል። ፖርሲሊን ሌላ ጉዳይ ነው። ካርባይድ ጥቂት ቀዳዳ ይሠራና ይደነዝዛል፤ ውሃ እየተንጠባጠበበት የሚሠራ ባዶ ሲሊንደር መሰል የአልማዝ ፑንታ ግዙ። የተወለወለ ግራናይትም እንዲሁ። ውጪ ያለ ወፍራም የድንጋይ ግንብ ከሆነ ኤስዲኤስ ካርባይድ ይሄድበታል።

ሴራሚኩ ተበስቶ ከስሩ ኮንክሪት ካለ፣ ምቱን ማብራት የሚቻለው ሴራሚኩ ሙሉ በሙሉ ካለፈ በኋላ ነው። የግንበኛና የቧንቧ ሠራተኛ ጠብ ግማሹ ከዚህ ይመስለኛል። በደረቁ ስትበሱ የሚቦነው አቧራ ሳንባ የሚያበላሽ ሲሊካ ስላለበት ማስክ አድርጉ።

ስቴንለስ አልበሳ ሲለኝ ካርባይድ ይሻላል?

በእጅ ድሪል ከሆነ አይሻልም። የተለመደው ስቴንለስ ሲገዛ ጠንካራ አይደለም፤ የሚጠነክረው ስትፈትጉት ነው። ኮባልት ፑንታ፣ ዝግ ያለ ዙር፣ ዘይት፣ የማያቋርጥ ጫና። ማንጋኒዝ የበዛበት የድንጋይ መፍጫ መንጋጋ ብረትም ጠባዩ እንዲሁ ነው፤ በእሱ ላይ ግን ኮባልትም ብዙ ርቀት አይሄድም።

ፍጥነቱን እንዴት ላስላ?

የመቁረጫ ፍጥነቱን (የስለቱ ዳር በደቂቃ የሚጓዘውን ርቀት) በሜትር በደቂቃ ውሰዱ፣ በ1000 አባዙ፣ ከዚያ 3.14 በፑንታው ዲያሜትር (በሚሊ ሜትር) ተባዝቶ ለሚመጣው ቁጥር አካፍሉ። ሮክዌል 50 አካባቢ ለሆነ ብረት በሙሉ ካርባይድ 20 ሜትር በደቂቃ ለመነሻ ጥሩ ነው። ለ6 ሚሊ ሜትር ፑንታ 1060 ዙር ገደማ፣ ለ10 ሚሊ ሜትር 640 ገደማ ይመጣል። በአንድ ዙር ከ0.04 ሚሊ ሜትር ገደማ ብትጀምሩ 6 ሚሊ ሜትሩ በደቂቃ 42 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል። አምራቹ ሠንጠረዥ ከሰጠ ግን የእሱን ተከተሉ።

ውሃ ወይም ዘይት ላድርግ?

ወይ በደንብ ይፍሰስ፣ ወይ ጭራሽ አይኑር። ካርባይድ የሚጠላው ግሎ ሳለ አልፎ አልፎ ጠብ የሚልበትን ነው። በሙቀትና በቅዝቃዜ መካከል ሲንገላታ ስለቱ ላይ ፀጉር መሰል ስንጥቅ ያወጣል። በቂ ፈሳሽ ከሌላችሁ የአየር መንፊያ ተጠቀሙ፤ ፍርፋሪውንም ያወጣላችኋል።

መጀመሪያ በትንሽ ፑንታ ልብሳና ላስፋው?

በሃይ ስፒድ የለመድነው ዘዴ ነው፣ በሙሉ ካርባይድ ግን አታድርጉት። ጫፉ ሥራ ሲያጣ ጭነቱ በሙሉ ዳር ላይ ያለው ማዕዘን ላይ ያርፍና ይሸረፋል። መነሻ ነጥብ ካስፈለገ አጭርና ወፍራም የነጥብ ፑንታ ተጠቀሙ፣ የጫፉ ማዕዘን ከዋናው ፑንታ እኩል ወይም የሰፋ ይሁን። የብዙ ካርባይድ ፑንታዎች ጫፍ 140 ዲግሪ ስለሆነ የ90 ዲግሪው አይስማማም።

ርዝመትም ይታሰብበት። የምትበሱት ውፍረት 15 ሚሊ ሜትር ከሆነ የዲያሜትሩን 8 እጥፍ የሚረዝም ፑንታ ምን ያደርጋል? 3 እጥፍ ወይም 5 እጥፍ የሚለው አጭሩ ይጠነክራል፣ ይረክሳልም።

የቀለሙና የፊደሉ ትርጉም ምንድን ነው?

ሁለት ዓይነት ቀለም አለ፣ አትደባልቋቸው። የፑንታው ቀለም ሽፋኑ ነው። ወርቃማው ቲታኒየም ናይትራይድ ነው፤ ርካሽ ሃይ ስፒድ ላይም ስለሚቀባ "ወርቃማ ነውና ካርባይድ ነው" የሚል ሻጭ አትመኑ። ወደ ጥቁር ሐምራዊ የሚያደላው አሉሚኒየም የተጨመረበት ነው፣ ሙቀት ስለሚችል ለጠንካራ ብረት የሚመረጠው እሱ ነው።

ሳጥኑ ወይም ካታሎጉ ላይ ያለው ቀለም ደግሞ የሚቆርጠውን ይነግራል። ፒ ሰማያዊ ለብረት፣ ኤም ቢጫ ለስቴንለስ፣ ኬ ቀይ ለካስት አይረን፣ ኤን አረንጓዴ ለአሉሚኒየምና ለመዳብ፣ ኤስ ቡናማ ሙቀት ለሚችሉ ቅይጦች፣ ኤች ግራጫ ለጠነከረ ብረት። እናንተ የምትፈልጉት ኤች ነው።

በገበያ ላይ ሙሉ ካርባይድ መሆኑን በምን ላረጋግጥ?

በክብደቱ። ካርባይድ በአንድ ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ከ14 እስከ 15 ግራም ይመዝናል፣ ብረት 7.8 ነው። እኩል መጠን ያለው ሃይ ስፒድ በአንድ እጅ፣ "ካርባይድ ነው" የተባለውን በሌላው ያዙ። እጥፍ ለመሆን ትንሽ የሚቀረው ካልመሰላችሁ ተዉት። በሞረድ ጭራውን ጫር አድርጉት፣ ካርባይድ ከሆነ ሞረዱ አይነክሰውም። በማግኔት ብቻ አትፍረዱ፤ ኮባልት ስላለበት እሱም በመጠኑ ይሳባል።

ሲደነዝዝ በተራ ሞላ (በሚሽከረከር የመሳያ ድንጋይ) ይሳላል?

ለብረት የሚሆነው ግራጫ ድንጋይ አይበላውም፣ ራሱ ነው የሚያልቀው። አረንጓዴው የሲሊኮን ካርባይድ ድንጋይ ወይም የአልማዝ ዲስክ ያስፈልጋል። የተንግስተንና የኮባልቱ ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው፣ በየቀኑ የሚስሉ ሠራተኞችን የሚይዝ የታወቀ የሳንባ በሽታ አለው። ውሃ ያለበት ማሽን ይሁን፣ ካልሆነ የአቧራ መምጠጫና ደህና ማስክ። ለሙሉ ካርባይድ ማዕዘኑን በእጅ ማግኘት ስለማይቻል የሚስል ማሽን ያለው ጋ መስጠት ይሻላል።

ለምንድን ነው እንዲህ የተወደደው?

የዓለም ተንግስተን 80 በመቶ ገደማ የሚወጣው ከቻይና ነው። ቻይና ደግሞ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 አንዳንድ የተንግስተን ምርቶች ያለ ልዩ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጡ አደረገች። ስለዚህ የተሰበረውንና ያለቀውን አትጣሉ። ካርባይድ ተፈጭቶ እንደገና ስለሚሠራ ቁርጥራጩ በኪሎ ይሸጣል፣ ዋጋውም ከተራ ብረት ጋር አይገናኝም። ለብቻው በጣሳ አጠራቅሙት፣ ከቁራሌው ብረት ጋር ከተደባለቀ በብረት ዋጋ ይሄዳል።